በ60 ቀን ድራፍት ቡና ልላክ? ገዢው በፓውንድ 12 ሴንት እጨምራለሁ አለኝ

የሂርማታ ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 2:10

ሰላም፣ እንዴት አመሻችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እኛ ቤት ቡና የሚያውቁት አባቴ ናቸው። ከጎማ፣ ከማና፣ ከሊሙ እየገዙ ከ20 ዓመት በላይ በአቅራቢነት ሠርተዋል። ዘንድሮ የላኪነት ፈቃድ አወጣን። እሳቸው ቡናውን፣ እኔ ወረቀቱን ልንይዝ ተስማማን። አሁን የመጀመሪያው ኮንቴይነራችን ሊወጣ ነው። ያልታጠበ ጅማ ደረጃ 5፣ 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ። ገዢው ሐምቡርግ ነው። ናሙናውን ቀምሶ ወዶታል።

የቸገረኝ አከፋፈሉ ነው። መጀመሪያ በካድ ነበር የተስማማነው፣ ማለትም ገዢው ሲከፍል ብቻ ባንኩ ሰነዱን ይሰጠዋል። ትናንት ግን ኢሜይል ጻፈልኝ። በ60 ቀን ድራፍት ካደረግሽልኝ በፓውንድ 12 ሴንት እጨምርልሻለሁ አለ። እኔ ድራፍት፣ ማለትም ይህን ያህል ክፈል የሚል የጽሑፍ ትእዛዝ፣ አወጣበታለሁ፣ እሱ ፈርሞ ይቀበላል፣ ባንኩ ሰነዱን ይሰጠዋል፣ በ60ኛው ቀን ይከፍላል።

አስልቼዋለሁ። 19,200 ኪሎ ወደ 42,328 ፓውንድ ነው። ጭማሪው 5,079 ዶላር ገደማ ይሆናል። ለእኛ ቤት ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። አባዬ ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ። "ልጄ፣ ቡናውም ወረቀቱም ከእጅሽ ከወጣ አንቺ ጋ ምን ይቀራል?" መልስ አጣሁ። እስከ ዓርብ ለገዢው መልስ መስጠት አለብኝ። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መርካቶ 7 · ማክሰኞ፣ ማታ 2:31

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። እኔ ቡና ላይ አይደለሁም፤ ግን አባትሽን ስሚ። ወረቀቱን የሚያውቁ እዚህ አሉ፣ ጠብቂያቸው።

ጡረተኛው የሰነድ ሰው · ማክሰኞ፣ ማታ 3:20

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። እኔ 26 ዓመት ባንክ ቤት የውጭ ንግድ ሰነድ ስመረምር ኖሬ አሁን አዌቱ አጠገብ አርፌ ተቀምጫለሁ። የአባትሽ ጥያቄ ዋናው ጥያቄ ነው። ከእሱ ልነሳ።

ቡናው ጅቡቲ ላይ ሲጫን የመርከብ ድርጅቱ ቢል ኦፍ ሎዲንግ ይሰጥሻል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ኦርጅናል አለው። ይህ ወረቀት ተራ የጭነት ደረሰኝ እንዳይመስልሽ። ሐምቡርግ ወደብ ላይ ኮንቴይነሩን የሚረከበው እሱን ይዞ የቀረበ ሰው ነው። ለትእዛዝ ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ ጀርባው ላይ እየተፈረመ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ስለዚህ ቡናው ባሕር ላይ እያለ ባለቤትነቱ አንቺ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ጥያቄው ሁሉ ወረቀቱን በምን ልለውጠው የሚል ነው።

በካድ ከሆነ በገንዘብ ትለውጪዋለሽ። ባንክሽ ሰነዱን ለገዢው ባንክ ይልካል። የዚያ ባንክ መመሪያ አጭር ነው፦ ካልከፈለ አትስጠው። በኤልሲ ከሆነ የገዢው ባንክ ራሱ ቃል ይገባልሻል። ሰነዱ ልክ ከሆነ ገዢው ቢከስር እንኳ ባንኩ ይከፍላል። በቅድሚያ ክፍያ ከሆነ ገንዘቡ ቀድሞ ይገባል፤ ቡናው ይከተላል።

ይህ ሰውዬ የጠየቀሽ ግን ወረቀቱን በፊርማው እንድትለውጪለት ነው። ድራፍቱ ላይ "ተቀብያለሁ" ብሎ ይፈርማል። ሰነዱን ይወስዳል፣ ቡናውን ያነሳል፣ ይቆላል፣ ይሸጣል። አንቺ ጋ የሚቀረው ከ60 ቀን በኋላ እከፍላለሁ የሚል ፊርማ ነው። የእሱ ባንክ ምንም አልፈረመም። ሰነድ ለማስተላለፍ ብቻ ነው የቆመው። የዓለም ንግድ ምክር ቤት ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ያወጣው ደንብ አለ። ዩአርሲ 522 ይባላል፣ ከ1996 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ነው የሚሠራበት። ገንዘብ ሰብሳቢው ባንክ ትእዛዝ ይፈጽማል እንጂ ለገዢው ዋስ አይሆንም።

ሌላ ደግሞ አለ። ባንክሽ ለጭነቱ በሚሰጥሽ የወጪ ንግድ ፈቃድ ላይ የክፍያ ዘዴው ይጻፋል። ነገ ጠዋት መጀመሪያ ባንክሽ ሂጂና በዚህ ዘዴ ፈቃድ ትሰጡኛላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ገዢው ቢስማማ፣ አንቺም ብትስማሚ፣ ፈቃዱ የማይለውን ማድረግ አትችይም።

ሐጂ ጎማ · ማክሰኞ፣ ማታ 4:05

አሰላሙ አለይኩም ልጄ። የደረሰብኝን ልንገርሽ፤ ለአንቺ ይጠቅምሻል።

ከዓመታት በፊት ነው። ውሉ በካድ ነበር። ገዢው ጋር ሁለት ጊዜ ሠርተናል፣ ሁለቱንም በደህና ከፍሏል። በሦስተኛው መርከቡ ቶሎ ደረሰና ሰነዱ ባንክ ላይ ዘገየ። ደወለልኝ። "ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ቆሞ በየቀኑ ኪራይ እየበላኝ ነው፣ አንዷን ኦርጅናል በቀጥታ ላክልኝ፣ ገንዘቡ ነገ ይገባል" አለ። ሰው አመንኩ። አንዷን በኩሪየር ላክሁለት።

ሦስት ኦርጅናል ሲባል እኔ አንዷ ብቻዋን ምንም አታደርግም ብዬ ነበር። ለካ በአንዷ ዕቃው ከተነሳ ሌሎቹ ሁለቱ ዋጋ የላቸውም። ቡናውን አነሳ። ከዚያ ደግሞ ጥራቱ እንደ ናሙናው አይደለም ብሎ ዋጋ ቀንስ አለኝ። ባንክ ያለው ሰነድ ማንም የማይፈልገው ወረቀት ሆኖ ቀረ።

በገንዘቡ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። ዶላሩ ስላልገባ የዚያ ጭነት የወጪ ንግድ ፈቃድ ሳይዘጋ ቀረ። ለብሔራዊ ባንክ ዶላሩን ያላስገባሁ ሰው ሆንኩ። ቀጣዩን ቡና ልልክ ስሄድ አዲስ ፈቃድ ተከለከልኩ። መጋዘኔ ውስጥ ቡና ሞልቶ፣ የገበሬ ዕዳ እያለብኝ፣ ከቢሮ ቢሮ ተመላለስኩ። በመጨረሻ በቅናሽ ተስማምተን አስገባ። ወላሂ እስከዛሬ ያንን ወር ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል።

ወረቀቱን በቀጥታ ለማንም አትላኪ። ወንድምሽ ቢሆንም።

የሂርማታ ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 4:22

ሐጂ፣ ይህንን ስለነገሩኝ አላህ ይስጥልኝ። ለአባዬ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ቆዩና "እኔም ይህንኑ ነው የፈራሁት" አሉ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ፊርማ ያለበት ድራፍት በሕግ ጠንካራ አይደለም? ተቀብያለሁ ብሎ ፈርሞ እንዴት ይክዳል?

ሕግ በቀላሉ · ረቡዕ፣ ጠዋት 1:40

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። እዚሁ ጅማ ሕግ አስተምራለሁ። በእኔ ክፍል ውስጥ ተማሪዎች በጣም የሚደናገሩበት ቦታ ይህ ነው።

ሕጉን እንይ። የ1952ቱ ንግድ ሕጋችን አራተኛ መጽሐፍ ስለ ተላላፊ ሰነዶችና ስለ ባንክ ሥራ ነው። በ2013 አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ሲወጣ ብዙዎች አሮጌው ሁሉ የተሻረ መሰላቸው። አልተሻረም። ይህ መጽሐፍ ዛሬም ይሠራል። መሠረቱ በ1930 እንደ ፈረንጆቹ ጄኔቫ ላይ አገሮች የተስማሙበት አንድ ወጥ ሕግ ነው። ጀርመንም የዚያው ቤተሰብ ናት። ስለዚህ የሐምቡርግ ዳኛና የጅማ ዳኛ ስለ ድራፍት ሲያወሩ ቋንቋቸው ይቀራረባል።

ሕጋችን ድራፍትን የሐዋላ ወረቀት ይለዋል። አንቀጽ 735 ምን መያዝ እንዳለበት ይዘረዝራል። ስሙ ራሱ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። ቅድመ ሁኔታ የሌለው የክፍያ ትእዛዝ፣ የታወቀ የገንዘብ መጠን፣ የከፋዩ ስም፣ የሚከፈልበት ጊዜና ቦታ፣ ለማን እንደሚከፈል፣ የወጣበት ቀንና ቦታ፣ የአውጪው ፊርማ። "ቅድመ ሁኔታ የሌለው" የሚለውን አስምሪበት። "ቡናው ደረጃውን ከጠበቀ ይከፈል" ብለሽ ከጻፍሽ ያ የሐዋላ ወረቀት መሆኑ ቀረ።

ጥንካሬው ከዚህ ይመጣል። ተቀብያለሁ ብሎ ከፈረመ ዕዳው ከቡና ሽያጩ ውል ይለያል። ድራፍቱን በጀርባ ፈርመሽ ለባንክ ብታስተላልፊው፣ በቅን ልቦና የተቀበለው ባንክ ገንዘቡን ሲጠይቅ ገዢው "ቡናው ሻግቶ ነበር" ብሎ ሊከራከረው አይችልም። የጥራት ክርክሩ ከአንቺ ጋር ይቀራል፣ ወረቀቱ ግን ይከፈላል። ነጋዴዎች ይህን ወረቀት የፈጠሩት ለዚህ ነው። አንቺው ራስሽ ይዘሽው ብትከሺ ግን ውሉን አንስቶ ሊከራከርሽ መንገድ አለው።

አሁን ወደ አንቺ ነገር ልመለስ። ፊርማው ጠንካራ ነው፣ ልክ ነሽ። ግን ጠንካራ ፊርማ ክስ ያቀልልሻል እንጂ ገንዘብ አይፈጥርም። ድርጅቱ ከከሰረ የተቀበለውን ድራፍት ይዘሽ ከሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎቹ ጋር ትሰለፊያለሽ። ካልከፈለም ጊዜውን ጠብቀሽ ፕሮቴስት ማስደረግ፣ ማለትም አለመከፈሉን በሕጋዊ ጽሑፍ ማስረጋገጥ፣ እዚያ አገር ጠበቃ መያዝ አለ። ለአንድ ኮንቴይነር ይህ ሁሉ ይከብዳል።

ታክሲ ተራ · ረቡዕ፣ ጠዋት 2:15

መምህር፣ እኛ እዚህ ገበያ ውስጥ ቀን አስረዝመን የምንሰጠው ቼክስ? እሱም እኮ እንደ 60 ቀን ድራፍት ነው።

ሕግ በቀላሉ · ረቡዕ፣ ጠዋት 2:50

አይደለም ወንድሜ፣ ልዩነቱም ሰው እስር ቤት ያስገባል። ቼክ በቀረበበት ቀን የሚከፈል ነው። የሁለት ወር ቀን ጽፈህ ለዋስትና ብትሰጠውም ያዡ ነገ ባንክ ቢወስደው ሕጉ ይከፈል ይላል። ሒሳብህ ውስጥ ገንዘብ ከሌለ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያለ በቂ ገንዘብ ቼክ በማውጣት ትጠየቃለህ። "ለመተማመኛ ነው የሰጠሁት" ብሎ ችሎት ፊት ሲያለቅስ ያየሁት ነጋዴ ብዙ ነው። ቀጠሮ ያለው ክፍያ ከፈለጋችሁ ሕጉ የሐዋላ ወረቀትና የተስፋ ሰነድ አስቀምጦላችኋል። እነሱን ተጠቀሙ።

የጅማ ልጅ ሐምቡርግ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 9:30

ሰላም ለአገሬ ልጆች። ፈረንጅ አራዳ ነው ያደግሁት። እዚህ ወደብ አካባቢ ቡና መጋዘን ውስጥ ከሠራሁ ቆይቻለሁ። ቡና ከወደብ ሲነሳና ሳይነሳ ሲቀር በየቀኑ አያለሁ።

እህቴ፣ አንድ ስሌት ልሥራልሽ። ዋጋሽን አልነገርሽንም፣ መንገርም የለብሽም። ለምሳሌ ያህል ፓውንዱን 3 ዶላር እንበለው። ኮንቴይነርሽ 126,984 ዶላር ይሆናል። እሱ በ60 ቀን ዱቤ 12 ሴንት እጨምራለሁ አለ። 12 ሴንት ከ3 ዶላር 4 በመቶ ነው። ለሁለት ወር 4 በመቶ፣ በዓመት ሲታሰብ 24 በመቶ ነው!

እዚህ አገር ጤነኛ የቡና ድርጅት ከባንኩ ከዚያ በጣም ባነሰ ወለድ ይበደራል። ታዲያ ለምን ለአንቺ 24 በመቶ ይከፍላል? እኔ የሚታየኝ ሁለት ነገር ነው። ወይ ባንኩ ብድር ከልክሎታል፣ ወይ ጭማሪውን ሲያቀርብ በልቡ ሊከፍለው አላሰበም። ሁለቱም ለአንቺ ጥሩ አይደሉም።

ለእሱ ፍትሐዊ ልሁንና ሌላም ልበል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር ላይ በመርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት የተነሳ ብዙ መርከብ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞሮ ነው ወደዚህ የመጣው። ቡናው ሲዘገይ የገዢ ገንዘብ ይታሰራል። ስለዚህ ጊዜ መፈለጉ ብቻውን ሌብነት አይደለም። ግን ጊዜ የፈለገ ሰው ባንኩን ይጠይቅ። አንቺ ባንክ አይደለሽም።

ዋጋም ይዋዥቃል። በየካቲት 2025 ኒውዮርክ ላይ አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ገበያው ወደ ላይ ሲሄድ ሁሉም ገዢ ጨዋ ነው። ወደ ታች ሲወርድ ግን ባለፈው ወር የወደደውን ቡና ዛሬ "ሽታ አለው" ይልሻል። ያንን ሲል ወረቀቱ በማን እጅ እንዳለ ነው የሚወስነው።

የሂርማታ ልጅ · ረቡዕ፣ ማታ 1:05

24 በመቶ! እንደዚያ አስቤው አላውቅም ነበር። 5 ሺህ ዶላሩ ብቻ ነበር የታየኝ። በጣም አመሰግናለሁ ወንድሜ።

ዛሬ ባንኬ ሄጄ ነበር። "እኛ የምንመክርሽ ኤልሲ፣ ካድ ወይም ቅድሚያ ክፍያ ነው" አሉኝ።

ሰሚራ መለዋወጫ · ረቡዕ፣ ማታ 1:40

እኔ አስመጪ ነኝ፣ የመኪና መለዋወጫ። ከላኪዎች ጋር በሌላኛው ጫፍ ነን። ጥያቄዬ ስለ ምንዛሪው ነው። አንድ የማውቀው ሰው ለላኪዎች እንዲህ ይላል፦ ኢንቮይሱን ዝቅ አድርጋችሁ ጻፉ፣ ልዩነቱን ገዢው ውጭ አገር ያስቀምጥላችሁ፣ ከዚያ ለእኛ ለአስመጪዎች ሽጡልን። ብዙ ሰው ያደርገዋል ይላል። ጋሼ የሰነድ ሰው፣ ምን ይላሉ?

ጡረተኛው የሰነድ ሰው · ረቡዕ፣ ማታ 2:30

ሰሚራ ልጄ፣ በግልጽ ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ። መልሴ አትንኩት ነው። ወንጀል መሆኑ አንድ ነገር ነው። ሌላውን ግን ሰው አያስበውም። ድራፍትም ይሁን ኤልሲ የሚከፍለው የተጻፈበትን ያህል ነው። ቡናሽ 126 ሺህ ዶላር ሆኖ ወረቀቱ ላይ 90 ሺህ ከጻፍሽ፣ የቀረው 36 ሺህ በየትኛው ወረቀት ይጠየቃል? ገዢው ቢክድሽ የትኛው ፍርድ ቤት ትሄጃለሽ? ዳኛው ፊት ቀርበሽ "ዋሽቼ ነው የጻፍኩት" ትያለሽ? ያ ገንዘብ የተሰጠው ሕግ ለማያስገድደው ሰው ነው።

ከዚህም በላይ ምክንያቱ ቀንሷል። ትላንትን አስታውሺ። በ2014 በወጣው መመሪያ ላኪ ዶላር ሲያመጣ 70 በመቶውን ብሔራዊ ባንክ ይወስድ ነበር፣ 10 በመቶ ባንኩ፣ ለላኪው 20 በመቶ ነበር የሚቀረው። በባንኩና በጎዳናው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነትም ሰፊ ነበር። ያን ጊዜ ቡናን በኪሳራ ልኮ ዶላሩን ለራሱ ዕቃ ማስገቢያ የሚያውል ነጋዴ ነበር፣ ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ የተጎዳው ቡናን ብቻ የሚሸጠው እንደዚች ልጅ ያለው ነው። ያ በኪሳራ የሚሸጥ ሰው የገበያ ዋጋ ያበላሽበት ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ አዲሱን መመሪያ አወጣ። የምንዛሪውን ዋጋ ባንኮችና ደንበኞች ይደራደሩበት አለ። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር፣ በዚያው ቀን ከ70 ብር በላይ ሆነ፤ ኋላም ከ100 አለፈ። ለብሔራዊ ባንክ ማስረከብ ቀረ። ያን ጊዜ ላኪው 50 በመቶውን በሪቴንሽን ሒሳቡ፣ ማለትም ለራሱ በሚይዘው የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ፣ እንዲያስቀምጥ፣ ሌላውን ግማሽ ለባንኩ በተደራደረበት ዋጋ እንዲሸጥ ተደረገ።

የሂርማታ ልጅ፣ ይህ አንቺንም ይነካሻል። ድርድር የሚለው ቃል የወረቀት ጌጥ አይደለም። ዶላርሽን ለባንኩ ስትሸጪ የመጀመሪያውን ዋጋ አትቀበይ። ሁለት ባንክ ጠይቂ። ሪቴንሽኑን ምን ላይ ማዋል እንደሚፈቀድልሽና ለምን ያህል ጊዜ መያዝ እንደምትችይም በጽሑፍ አስነግሪያቸው፣ መመሪያው እየተሻሻለ የሚሄድ ነውና።

ሰሚራ መለዋወጫ · ረቡዕ፣ ማታ 2:48

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። 36 ሺህ በየትኛው ወረቀት ይጠየቃል ያሉት ገብቶኛል። ለሰውዬው እነግረዋለሁ።

ሐጂ ጎማ · ረቡዕ፣ ማታ 3:10

አንድ ነገር ልጨምር። አያቶቻችን በአባ ጅፋር ዘመን ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ሲገበያዩ ብሩ ማርያ ትሬዛ ነበር። ብሩን ያንኳኩታል፣ ድምፁን ይሰማሉ፣ ከዚያ ቡናውን ይለቃሉ። እኛ የምናንኳኳው ብር የለንም። የምናነበው ወረቀት ነው ያለን። አንብቡት ልጆቼ፣ እያንዳንዱን መስመር አንብቡት።

የሂርማታ ልጅ · ዓርብ፣ ማታ 1:20

ወገኖቼ፣ ዜና አለኝ።

ትናንት ለገዢው ጻፍኩለት። ሦስት አማራጭ ሰጠሁት። አንደኛ፣ 60 ቀን ከፈለገ ድራፍቱ ላይ የእሱ ባንክ በዋስነት ይፈርም። መምህር በውስጥ መስመር አቫል ይባላል ብለውኛል። ሁለተኛ፣ ሰነድ ሲቀርብ የሚከፈል ኤልሲ፣ ያለ ምንም ጭማሪ፣ በመጀመሪያው ዋጋ። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ስምምነታችን፣ ካድ።

ዛሬ መለሰ። "ባንኬ አይፈርምም" አለ! ኤልሲውን ግን ከፍቶ ቅጂውን ላከልኝ። ጋሼ፣ ጊዜ ካለዎት አንዴ ይዩልኝ። ስሞቹን አጥፍቼ ዋናውን ልጻፍ፦

ዕቃው፦ 320 ጆንያ ጅማ ደረጃ 5 ቡና፣ 19,200 ኪሎ፣ ኤፍኦቢ ጅቡቲ (ጅቡቲ መርከብ ላይ እስኪጫን ወጪው የእኔ ነው)። ሰነዶች፦ ኢንቮይስ፣ ሙሉ ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ የመነሻ አገር ምስክር ወረቀት፣ የጤና ምስክር ወረቀት፣ የክብደት ዝርዝር፣ እንዲሁም "በገዢው ወኪል የተፈረመ የጥራት ማረጋገጫ"። ሰነዶቹ ከተጫነበት ቀን በ7 ቀን ውስጥ ይቅረቡ። ኤልሲው የሚያበቃው ሐምቡርግ ባንኩ ጋ።

ጡረተኛው የሰነድ ሰው · ዓርብ፣ ማታ 2:35

ልጄ፣ ጎበዝ። አሁን ደግሞ እንደ ባንክ ሰው እናንብበው። የሚገዛው ደንብ ዩሲፒ 600 ነው፣ ከሐምሌ 2007 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ይሠራበታል። የደንቡ ነፍስ አንድ ነገር ነው፦ ባንክ የሚያየው ወረቀት ነው፣ ቡና አያይም። ቡናሽ የጅማ ምርጥ ቢሆንም ወረቀትሽ ከተሳሳተ አይከፍልም።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ "በገዢው ወኪል የተፈረመ" የሚለው ነው። ይህንን በፍጹም አትቀበይ። ወኪሉ ካልፈረመ ሰነድሽ ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ ኤልሲ ከፍቶ፣ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይዟል። ገበያው ቢወርድ ወኪሉ ይታመማል፣ ይጓዛል፣ ስልክ አያነሳም። የጥራት ማረጋገጫው ከአገራችን የቡና ጥራት መርማሪ ወይም ከገለልተኛ መርማሪ ድርጅት እንዲሆን አስቀይሪው።

ሁለተኛ፣ 7 ቀን አይበቃሽም። ደንቡ ሌላ ካልተባለ 21 ቀን ይሰጣል። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ሌሎቹ ተሟልተው፣ ባንክሽ መርምሮ ለመላክ 7 ቀን ጠባብ ነው። 21 ይሁን በይ። የሚያበቃበትም ቦታ አዲስ አበባ፣ አንቺ ባንክ ጋ ይሁን። አለበለዚያ ኩሪየሩ መንገድ ላይ ቢዘገይ ጉዳቱ የአንቺ ነው።

ሦስተኛ፣ 320 ጆንያ የሚለው። ደንቡ ለክብደት 5 በመቶ ከፍ ዝቅ ማለትን ይፈቅዳል፣ ግን ብዛቱ በጆንያ ቁጥር ከተጻፈ ያ መብት የለም። ሁለት ጆንያ ተቀዶ 318 ብትጭኚ ባንኩ አልተሟላም ይላል። "ገደማ" የሚለውን ቃል አስገቢበት። ያኔ በብዛቱ ላይ 10 በመቶ ይፈቀድልሻል። ኤልሲው ላይ ያለው የገንዘብ መጠን አጠገብም ያንኑ ቃል ያስገባልሽ፣ ከፍ ካለ እንዲከፈልሽ።

አራተኛ ስሙ። ቡናችን በንግድ ዓለም የሚጻፈው በቆየው አጻጻፍ ነው፣ በላቲን ፊደል በዲ ጀምሮ በኤች ያልቃል። የከተማችን ስም ግን አሁን በጄ ይጻፋል። ኤልሲው የቡናውን ስም እንዴት እንደጻፈው ፊደል በፊደል ቅጂው፣ ኢንቮይስሽ ላይ እንደዚያው አድርጊው። ኢንቮይሱ ላይ የዕቃው መግለጫ ከኤልሲው ጋር መግጠም አለበት፤ በሌሎቹ ሰነዶች ላይ ጠቅለል ብሎ ቢጻፍም ይሆናል፣ ካልተጋጨ።

ባንኩ ለመመርመር ያለው አምስት የሥራ ቀን ነው። ስህተት ካገኘ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መንገር አለበት፣ እየቆራረጠ አይደለም። ይህንን ያዢ።

የጅማ ልጅ ሐምቡርግ · ዓርብ፣ ማታ 3:00

ጋሼ እንዳሉት ነው። ያ የወኪል ፊርማ ያመጣውን ጣጣ እዚህ መጋዘን ውስጥ አይቻለሁ። ቡናው ቆሞ ሁለቱም ወገን ሲከራከሩ የመጋዘን ኪራዩ እየጨመረ ይሄዳል።

የሂርማታ ልጅ · ሰኞ፣ ከሰዓት 10:15

የኤልሲው ማሻሻያ በስዊፍት፣ በባንኮች የመልእክት መረብ፣ ገባ። ባንኬ ደውሎ ነገረኝ። የወኪሉ ፊርማ ወጥቷል። 21 ቀን ሆኗል። አዲስ አበባ ላይ ያበቃል። "ገደማ" የሚለውም ሁለቱ ጋ ገብቷል። አባዬ ቡናውን ማስጫን ጀምረዋል።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። የክብደት ዝርዝሩን የጻፈልኝ ልጅ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አድርጎታል። ችግር አለው?

ጡረተኛው የሰነድ ሰው · ሰኞ፣ ከሰዓት 10:40

አለው ልጄ! ሐምቡርግ ያለው መርማሪ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት የተመዘነ ቡና ነው ብሎ ነው የሚያነበው። ዛሬውኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አስጽፊው፤ ወሩንም በቁጥር ሳይሆን በስሙ። ኦርጅናሉን ቀይሪ እንጂ በእስክሪፕቶ ሰርዘሽ አታስተካክዪ።

የሂርማታ ልጅ · ሰኞ፣ ከሰዓት 10:44

እሺ ጋሼ፣ አሁኑኑ እየሄድኩ ነው። ማተሚያ ቤቱ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል።